ንፋሱ የት ሄደ?

«ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፤ ይውረድ!» አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ቃሊቲ ጋራዥ የሚመጣ ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን መንገድ ላይ ጨርሶ ነው የሚደርሰው። የንፋሱን ግፊት የሚያሳየው ማኖሜትር አልወጣ ብሎታል፤ ንፋስ የሚሠራው ደግሞ ኮምፕሬሰር ነው። እኔ ግን ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር መለየት አለብኝ፤ ንፋሱ አልተሠራም ወይስ ተሠርቶ አልተቀመጠም?

ፊያት 682 ጣሊያን ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ኤንትሬ የምንለው የዚሁ ዘር ለሾፌርና ለረዳት መሥሪያም መኖሪያም ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ይተኛሉ፣ ከተሳቢው ጥላ ሥር ምድጃ ለኩሰው ያበስላሉ። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው ንፋስም ለፍሬን ብቻ አይደለም፤ ጎማ ይነፋበታል፣ ጥሩምባ ይጮህበታል፣ የፊልትሮ አቧራ ይራገፍበታል። አገልግሎቱ በበዛ ቁጥር መገጣጠሚያው ይበዛል፤ መገጣጠሚያ በበዛበት ደግሞ ማምለጫ አይጠፋም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጎማው ላይ ታኮ አደርጋለሁ። ታንኩን ሞልቼ ሞተሩን አጠፋና ማኖሜትሩን አያለሁ። ማንም ፍሬን ሳይረግጥ ከወረደ፣ ንፋሱ የሚያመልጠው ከታንኩ፣ ከማጠራቀሚያው መስመር ወይም ከፔዳሉ ቫልቭ ነው። ረዳቱ ረግጦ ሲይዝ ብቻ መውረዱን ከቀጠለ ወደ ጎማዎቹ የሚሄደውን ጎማ ቱቦና የፍሬኑን ዲያፍራም እፈትሻለሁ። ተሳቢውን ነጥዬ ስሞክር መውረዱ ካቆመ ደግሞ ፍለጋው በግማሽ አጠረ። ከዚያ በኋላ የሳሙና አረፋ የቀረውን ይናገራል። ይህን ፍተሻ የምወደው በምሳ ሰዓት ነው፤ መዶሻና ብየዳ ጸጥ ሲል ትንሿ ፍንጣቂ ራሷ ታፏጫለች።

ንፋሱ ከተቀመጠ ጥያቄው ወደ መሥራቱ ይዞራል። እዚህ ላይ ከፍታውን መርሳት አይገባም። ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ያው ኮምፕሬሰር በዚያው የሞተር ዙር እዚህ ታንኩን ለመሙላት ሩብ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። በጋላፊና በሚሌ በኩል ወደ ላይ የመጣ ሾፌር «ወደብ ላይ ቶሎ ይሞላ ነበር» ቢለኝ እውነቱን ነው፤ ግን ያ ብቻውን ብልሽት አይደለም።

ከዚያ ያለፈ መዘግየት ካለ ከቀላሉ እጀምራለሁ፤ በአፋር አቧራ የታፈነ ፊልትሮ፣ የላላ ቺንጋ። ቀጥሎ ታንኩን ከሥር እከፍታለሁ። ጥቂት ውኃ ያለ ነው፤ ከውኃው ጋር ብዙ ዘይት ከመጣ ግን የፒስቶኑ ፋሻ አልቆ ይሆናል። ከዚያ ግፊቱን አውጥቼ ከኮምፕሬሰሩ ወደ ታንክ የሚሄደውን ቱቦ እፈታለሁ። የተቃጠለ ዘይት ውስጡ ጠጥሮ፣ ጣት ይገባበት የነበረው ቀዳዳ እርሳስ የማያስገባ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ባለ ቱቦ ጤነኛ ኮምፕሬሰርም ደካማ ይመስላል።

ሰውን በጣም የሚያደናግረው ግን ራዲያተር ውስጥ የሚታየው አረፋ ነው። ውኃ ሲገፋ ያየ ሁሉ የሞተሩን ቴስታታ ለማውረድ ይነሳል። የኮምፕሬሰሩ ቴስታታ በሞተሩ ውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን የእሱ ጓርኒሲዮን ሲበላ ንፋሱ ወደ ውኃው ይገባል። መለያው ቀላል ነው። ታንኩ ሞልቶ ኮምፕሬሰሩ መግፋት ሲያቆም አረፋውም ካቆመ ጥፋቱ ከሞተሩ አይደለም፤ በጥቂት ቡሎን የሚያልቅ ሥራ ሙሉ ሞተር ከማፍረስ ያድናል።

ኮምፕሬሰሩን መጨረሻ ላይ የማወርደው ስለሚከብደኝ አይደለም። ታንኩ ሲሞላ ሬጉሌተሩ ያሳርፈዋል፤ ፍንጣቂ ካለ ግን ዕረፍት የለውም። ሳያርፍ ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ዘይቱ ይቃጠላል፣ የተቃጠለው ዘይት ቱቦውን ያጠባል፣ የጠበበው ቱቦ ደግሞ የበለጠ ያግለዋል። የሞተ ኮምፕሬሰር ባገኝ እንኳ የገደለው ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ያንን ሳይፈልጉ አዲስ መግጠም ለባለንብረቱ ያንኑ ወጪ ሁለት ጊዜ ማስወጣት ነው። ሥራው አለቀ የምለውም ማኖሜትሩ ስለወጣ ብቻ አይደለም፤ ኮምፕሬሰሩ ሞልቶ፣ አርፎ፣ መርፌው ባለበት ሲቆም ነው።