ኮለሙ ውስጥ የቀረው

በጨረር አመንጪ አዮዲን ምልክት የተደረገበት አንቲቦዲ ሲቀርብ ገዢውም ተለማማጁም «ንጽሕናው 98 በመቶ» የምትለውን መስመር አይተው ያሞግሳሉ፤ ያበሳጫል። ቁጥሩ የመጣው ከስስ ወረቀት ክሮማቶግራፊ ከሆነ የሚመሰክረው ነፃው አዮዲን ከፈሳሹ ጋር መሄዱን፣ ከፕሮቲን የተያያዘው በተነጠበበት መቅረቱን ብቻ ነው። የጓጎለውም የተዛባውም አንቲቦዲ ከደህናው ጋር እዚያው ነው።

በመጠን የሚለየው ኮለም ይሻላል፤ 150 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝነው ደህናው በሰዓቱ ይወጣል፣ የጓጎለው ይቀድመዋል፣ ስባሪው ይከተላል። ይህ የታወቀ ነው። የማይጠየቀው፣ ከገባው ጨረር ስንቱ እንደወጣ ነው። ክፉኛ የጓጎለ ፕሮቲን መግቢያው ማጣሪያ ላይ ይቀራል፤ መቶኛው ግን የሚሰላው ከወጣው ብቻ ነው። 100 እጅ ገብቶ 70 ቢወጣ፣ ከዚህም 69ኙ በውጤቱ ሥዕል ዋና ጉብታ ላይ ቢያርፍ፣ ውጤቱ ከ98 በመቶ በላይ ተብሎ ይጻፋል፤ ስለ 30ው የሚናገር የለም። ጉዳቱ ሲበዛ ሥዕሉ ሊያምር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የገባውና የወጣው ያልተቆጠረበት ሥዕል ማስረጃ አይባልም። ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን በ1950ዎቹ ምልክት ያለው ኢንሱሊን በወረቀት ላይ ሲመረምሩ ነፃው ኢንሱሊን በወረቀቱ መነሻ ላይ ይጣበቅ ነበር፣ ከአንቲቦዲ የተያያዘው ይጓዝ ነበር፤ ግኝታቸው የቆመው ተጣብቆ የቀረውንም በመቁጠር ላይ ነው።

ነፃ አዮዲንም በአንዳንድ ኮለም ይያዛልና ጉድለት ሁሉ ጉጎላ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነፃውን አዮዲን ለብቻው አሳልፎ መለካት ይቻላል። ይህ የጎደለውን መተርጎሚያ እንጂ ላለመቁጠር ምክንያት አይሆንም። ሌላው «ዋናው አንቲጅኑን መያዙ ነው» ብሎ የሊንድሞን የ1984 ዘዴ ይጠራል። ዘዴው አንቲጅን ያለ ልክ ቢበዛ ከምልክቱ ስንት እጅ እንደሚያያዝ ይገምታል፤ ድንቅ ነው። ነገር ግን የጓጎለ አንቲቦዲ ብዙ ክንድ ስላለው አንቲጅኑ ያለበትን ሕዋስ አጥብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ጉበት ይለቅመዋል። የኮለሙ ቆጠራም የመያዝ ፈተናውም ይፈለጋሉ። ምልክቱ በተደረገበት ቀን የተሠራ ቆጠራም ብቻውን አይበቃም፤ ጨረሩ በብልቃጡ ውስጥ ውሃውን እየሰነጠቀ ፕሮቲኑን ስለሚያጠቃ፣ መርፌው በሚሰጥበት ቀን ይደገም።