ስለ ባሌስትራ ጠባይ

ከቤት አውቶሞቢል ወርዶ በከባድ ፒክ አፕ መሪ ፊት የሚቀመጥ ሾፌር፣ ምንም እንኳ መንጃ ፈቃዱ የከረመ እጁም የሠለጠነ ቢሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ዓይነት ስሞታ ማሰማቱ አይቀርም፤ ይኸውም መኪናው ይደልቃል፣ ወገብ ይቈርጣል፣ ከአስፋልት ወርዶ ኮረኮንች ሲይዝ የሰውን አንጀት ያላውሳል የሚል ነው። ስሞታው እውነት ነው፤ ከስሞታው ተነሥቶ የሚሰጠው ፍርድ ግን ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ነው። ሾፌሩ መኪናው ታሟል፣ ወይም ሲሠራ ጀምሮ ጕድለት አለበት ብሎ ይፈርድና፣ ማግሥቱን ወደ ጋራዥ ሄዶ ባሌስትራ ይቀነስልኝ ይላል። እኔ በዚህ ሙያ ጥርሴን የነቀልሁ እንደ መሆኔ መጠን አሳቤ ከዚህ ይለያል፤ የባሌስትራው ጽናት ገና ላልተጫነ ጾር አስቀድሞ የተሰናዳ ኃይል ስለ ሆነ፣ ባዶውን በሚሄድበትም ተጭኖ በሚሄድበትም ቀን ከጠባዩ ጋር ተስማምቶ መንዳትን የሾፌርነት አንድ ክፍል አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

አሠራሩን ያላወቀ ጠባዩን ሊያውቅ አይችልምና ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የቤት አውቶሞቢል የሚታሰበው ለአራትና ለአምስት ሰው ነው፤ የባዶውና የሙሉው ክብደት እምብዛም ስለማይራራቅ፣ መሐንዲሱ ለስላሳ ሞላ ቢያደርግለት ሞላው በሁለቱም ጊዜ በልኩ ይሠራል። ፒክ አፕ ግን ጧት ከሾፌሩ በቀር ምንም ሳይዝ ይወጣና፣ ከቀትር በኋላ ዐሥር ኩንታል እህል ወይም ሲሚንቶ ተሸክሞ ይመለሳል፤ ይህም ክብደት በአመዛኙ የሚያርፈው በኋላ እግሩ ላይ ነው። በገጠር መንገዳችን ዘወትር የምናየውን የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ለምሳሌ ብንወስድ፣ 70 በሚል ቍጥር የሚጠራው ዘር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1984 ከወጣ ጀምሮ እስከ 1999 ድረስ ፒክ አፑ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ላይ የቆመ ነበር፤ በ1999 ፊቱ ወደ ጥቅል ሞላ ሲለወጥ ለሾፌሩ ወገብ ጥቂት ምሕረት ወረደለት፤ ጭነቱን የሚቀበለው ኋላው ግን ዛሬም በባሌስትራው እንደ ጸና ነው።

ከመኪናው ሥር ገብቶ ባሌስትራውን የተመለከተ ሰው፣ ጐበጥ ጐበጥ ያሉ ዝርግ ብረቶች ከረጅሙ ወደ አጭሩ ተደራርበው በመካከል በአንድ ብሎን የተቸነከሩበትን፣ ከአክስሉም ጋር በጠንካራ ማቀፊያዎች የታሰሩበትን ሥራ ያያል። ሸክም ሲመጣ አንዱ ብረት በሌላው ላይ እየተፋተገ ይዘረጋል። ይህ መፋተግ በትልቅ ጕድጓድ ጊዜ መናጡን ለማብረድ ቢጠቅምም፣ ትንሽ ጠጠር ስትመጣ ግን ብረቶቹ ከቶ ሳይንሸራተቱ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ብረት ስለሚሆኑ፣ የጠጠሯ ምት ሳይቀነስ ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲውም ወደ ወንበሩ ይዘልቃል። ከሁሉ በታች የተቀመጠው ወፍራምና ቀጥ ያለ ብረት ደግሞ መኪናው ባዶ በሆነበት ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይከርምና፣ ጭነቱ ሲበረታ ብቻ ከላይኞቹ ጋር ገጥሞ ይሸከማል። ለአጋሰስ የተበጀ የጭነት ኮርቻ ሰው ሲቀመጥበት ቢቈረቍር ኮርቻውን የሚነቅፍ አይኖርም፤ ፒክ አፑም እንዲሁ በታሰበለት ግብር ሊመዘን ይገባዋል።

የዚህም ሕግ ከጥንት የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1678 ባሳተመው ድርሳን ሞላ የሚለጠጠው በተጫነበት ኃይል ልክ መሆኑን አስረድቷል። ከዚህም የሚከተለው ነገር፣ በአንድ ሞላ ላይ የተቀመጠ ክብደት ሲጨምር መወዛወዙ ዝግ እያለ፣ ሲቀንስ ደግሞ እየፈጠነ መሄዱ ነው። ለምሳሌ በኋላ ባሌስትራው ላይ የሚያርፈው ባዶው ክብደት 700 ኪሎ ነው ብንል፣ መወዛወዙም በሴኮንድ 2.4 ጊዜ ቢሆን፣ 1,000 ኪሎ ሲጫንበት ያው ባሌስትራ በሴኮንድ ወደ 1.5 ጊዜ ይወርዳል፤ ይህም ለስላሳ ከሚባል አውቶሞቢል አካሄድ ጋር የሚቀራረብ ልክ ነው። እንግዲህ በባዶው የሚደልቀው መኪና ሲጫን የሚረጋጋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ሰውነት ንዝረት የወጣው አይኤስኦ 2631 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብም፣ የተቀመጠ ሰው ከታች ወደ ላይ ለሚመጣ ንዝረት እጅግ ስሱ የሚሆነው በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ሲናጥ መሆኑን ያመለክታል፤ ባሌስትራው በጸና መጠን ይህን ፈጣን ንዝረት አሳልፎ ለወንበሩ ስለሚሰጥ፣ ሾፌሩ ድካሙ ከየት እንደ መጣበት ሳያውቅ ከሰዓት በኋላ ዝሎ ይገኛል።

ማላመዱ የሚጀምረው ከጎማ ነው። ጎማ የመጀመሪያው ሞላ መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ትናንት ሙሉ ጭነት ለማንሣት በነፋስ የተወጠረ ጎማ ዛሬ ባዶውን ሲነዳ፣ በጽኑ ባሌስትራ ላይ ሌላ ጽናት ተጨመረ ማለት ነው። በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው፣ ፋብሪካው ለባዶውና ለጭነቱ፣ ለፊቱና ለኋላው የለየውን ልክ ያገኛል፤ ስለዚህ ጭነት ካወረዱ በኋላ ወደ ጎሚስታ ጎራ ብሎ የኋላውን ጎማ ወደ ባዶ ልኩ ማስተንፈስ፣ እንደ ገና ሲጫን ደግሞ መልሶ ማስሞላት እንደ ትርፍ ሥራ ሊቈጠር አይገባውም። ጎሚስታው በመዳፉ ጎማውን ጠፍጠፍ አድርጎ፣ «ይበቃዋል» ሲል በአክብሮት ሰምቶ መለኪያው ይደረግልኝ ማለት ያስፈልጋል፤ መዳፍ ጎማው ባዶ መሆን አለመሆኑን እንጂ ልኩን አይናገርምና። ነገር ግን ልኩ ማለስለስን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ነፋሱ ያነሰው ጎማ ጭነት ተሸክሞ በአስፋልት ሲፈጥን ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ግለቱም በመጨረሻ ጎማውን ያፈነዳዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሾፌሩ ሥጋ ነው። ወንበሩን አለመጠን ወደ ኋላ ያስተኛ ሰው እያንዳንዱን ምት በወገቡ ይቀበላል፤ ቀና ብሎ ጀርባውን ከመደገፊያው ያስማማ፣ ክርኑን አጠፍ ትከሻውን ላላ ያደረገ ግን ምቱን ለመላ ሰውነቱ ያከፋፍለዋል። መሪውን ማነቅ ክፉ ልማድ ነው፤ የፊት ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ሊዞር ይችላልና፣ አውራ ጣቶችን ወደ መሪው ውስጥ ከማስገባት ይልቅ በላዩ ማሳረፍ ይበጃል። ጕድጓድ ሲቃረብ ደግሞ አስቀድሞ ፍሬን ይዞ ማዝገም፣ ጎማው ወደ ጕድጓዱ ከመግባቱ በፊት ፍሬኑን መልቀቅ ያሻል፤ ፍሬን እንደ ተያዘ የገባ መኪና ክብደቱን ሁሉ ወደ ፊት ስለሚደፋ፣ የፊት ሞላው ምቱን የሚውጥበት ቦታ አይተርፈውም።

በጠጠር መንገድ ያሽከረከረ ሾፌር፣ ኮረኮንች ምን እንደ ሆነ አስረጂ አያሻውም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2007 በፊዚካል ሪቪው ሌተርስ መጽሔት ታትሞ የወጣ ጥናት፣ በደረቅ አሸዋ ላይ የሚሄድ ጎማ ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ሞገድ ሞገዱን መሬት ራሱ እንደሚያበጅ፣ ይህም ሞላ ለሌለው ጎማ እንኳ እንደሚሆን አሳይቷል። እንግዲህ ኮረኮንቹን የወለደው የአንዱ መኪና ባሌስትራ ሳይሆን የሁላችን ፍጥነት ነው። በሾፌሮች ዘንድ ከኮረኮንች ለመገላገል መፍጠን ነው የሚል የቈየ ምክር አለ፤ በእርግጥም ፍጥነት ሲጨምር ጎማው ከአንዱ ጕብታ ወደ ሌላው እየዘለለ ጕድጓዱን ስለማይወርድ ወንበሩ ጸጥ ይላል። ዳሩ ግን ያ ጸጥታ የተገኘው ጎማው መሬት በመልቀቁ ነው፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። ባዶው ኋላ ቀላል፣ አክስሉና ዲፈረንሻሉ ከባድ በመሆናቸው፣ በኩርባ ላይ ኋላው ጎን ለጎን እየነጠረ ከመንገድ የሚወጣው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ስለዚህ በቀጥታው መንገድ የወደደ ጥቂት ቢፈጥንም፣ ኩርባ ሳይደርስ ማርሽ ቀንሶ መንቀጥቀጡን በትዕግሥት ሊቀበለው ይገባል።

አንዳንዶች ባዶውን እንዳይነጥር ጥቂት ጆንያ አሸዋ በስፖንዳው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ዘዴው አይነቀፍም፤ አሸዋው ግን ከኋላ አክስሉ አናት ላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ፈንጠር ብሎ ይቀመጥ፣ በገመድም ይታሰር። ወደ ኋላ መዝጊያው የተጠጋ ክብደት የፊቱን እግር ያቀለዋል፣ ያልታሰረው ደግሞ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ወደ ጋቢናው ይመጣል። የመኪናውን ኋላ ለማርጋት ሰው መጫን ግን ከቶ የማይገባ ነው፤ ለባሌስትራው ዕረፍት ሲባል ነፍስ አይሰጥም።

ከጠባይ ወደ ሕመም እንለፍ። አንድ ወጣት ሾፌር አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ይኼ መኪና ገደለኝ እኮ፤ ባሌስትራ እናስቀንስለት?» ቢለኝ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ከሥሩ ግባና እይ፤ የታመመ እንደ ሆነ እናሳክመዋለን፣ ጠባዩ ከሆነ ግን አንተ ትለምደዋለህ» አልሁት። መብራት ይዘን ገባን። የባሌስትራውን ብረቶች በጣት እየዳሰስን ስንጥቅ ፈለግን፤ የማቀፊያውን ዳዶዎች በቍልፍ ሞከርን፤ የጆሮውን ጎማዎች አየን። ከግራ አሞርዛተሩ አካል ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ይዞ ጠቍሯል። አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም፤ ግብሩ ባሌስትራው አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ እየደጋገመ እንዳይወዛወዝ ማብረድ ነው፤ ዘይቱን የጨረሰ አሞርዛተር ይህን ስለማይሠራ፣ መኪናው አንዱን ጕድጓድ ሦስት ጊዜ የመታው ይመስላል። ሁለቱ አሞርዛተሮች ባንድነት ተለወጡ፤ ባሌስትራው ሳይነካ ቀረ። ወጣቱም ዋናው ምት እንዳለ ሆኖ ተከታዩ መናጥ እንደ ጠፋ በራሱ ወገብ መረመረው።

ምልክቶቹ ለተለማመደ ሰው ይለያያሉ። በእኩል መጠን የሚመጣና ሲጫን የሚቀንስ ምት የጠባይ ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ የብረት ጕጕታ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል፣ ከጕድጓድ በኋላ የማያቆም መዋዠቅ ደግሞ የሕመም ነው። ይህን መለየት ያልቻለ ሰው ጤነኛውን ያስቈርጣል፣ የታመመውንም ይተዋል።

ባሌስትራ ማስቀነስ የሚያስከትለውንም ነገር አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። አንድ ብረት የወጣለት መኪና በባዶው በእርግጥ ይለሰልሳል። ሙሉ ጭነት በተጫነ ቀን ግን የቀሩት ብረቶች ከልካቸው በላይ ተዘርግተው አክስሉ ከሻንሲው ጋር ይላተማል፤ ዋናው ብረት ከጆሮው ሥር ይሰነጠቃል፤ ኋላው ሲወርድ አፍንጫው ስለሚነሣ ፓውዛው በሌሊት የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ያውራል። አሠሪ ወይም ባለንብረት መኪናው ዘወትር የሚሸከመውን ክብደት በትክክል የሚያውቅ ከሆነ፣ ለዚያ ልክ የተሠራ ባሌስትራ ከሚስማማው አሞርዛተር ጋር ማስገባት የጥበበኛ ሥራ ነው፤ ከነበረው ላይ ብረት መዞ አውጥቶ በቀረው መሄድ ግን የመኪናውን የመሸከም ዐቅም በድብቅ መሸጥ ነው፤ የሚገዛው ሾፌር ወይም ተረኛው ረዳት ይህን ሳያውቅ እንደ ቀድሞው ዐሥሩን ኩንታል ይጭንበታል።

ስለዚህ ፒክ አፕ ደለቀኝ ለሚል ሁሉ የምሰጠው ምክር፣ ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት በዓመት ውስጥ መኪናው ስንት ቀን እንደሚጫን በወረቀት ጽፎ እንዲያይ ነው። ጭነቱ ከስንት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ጕድለቱ ከባሌስትራው ሳይሆን ከግዥው ነውና፣ መኪናውን ለሚጭንበት ሰው ሸጦ ለሥራው የሚስማማ ቀለል ያለ ቢገዛ ገንዘቡም ወገቡም ይድናል። ጭነቱ የየሳምንቱ ከሆነ ግን ባሌስትራውን ሳይነካ ጎማውን በልኩ ያድርግ፣ አሞርዛተሩን ይጠብቅ፣ ኩርባ ሳይደርስ ይቀንስ፣ ትከሻውን ያላላ፤ የቀረውን ሰውነቱ ራሱ ይማረዋል።