ከሙገር የተነሳው አጥቂ

ክረምት ገብቶ ሊጉ ሲዘጋ ወሬው ሁሉ ስለ ትልልቅ ስሞች ፊርማ ይሆናል። እኔ ግን አብልጬ የማደንቀው ስሙ ገና ያልገነነን ወጣት ከትንሽ ክለብ ለይቶ የሚያስፈርም ዓይንን ነው። ለዚህ ከሳላዲን ሰኢድ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

የቤኒሻንጉል ጉሙዙ ልጅ ትልቁን ሊግ የተቀላቀለው በሲሚንቶ ፋብሪካው ክለብ፣ በሙገር ነበር። የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ ስታዲየም ሩቅ ናት፤ ለክልል ልጅ እንዲህ ያለ የፋብሪካ ክለብ መሸጋገሪያ መሆኑ ትልቅ ውለታ ነው። ከዚያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደው። በ2011 እ.ኤ.አ. የግብፁ ዋዲ ደግላ፣ በ2014 ደግሞ አል አህሊ አስፈረሙት።

የጊዮርጊስ ምርጫ ፍሬ ለአገር የተረፈው በ2012 ነው። ሰኔ ላይ ሩስተንበርግ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ላይ አስቆጠረ፤ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። በሳምንቱ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ 2 ለ 0 ስትሸነፍ ሁለቱም ጎሎች የእሱ ነበሩ። ተከላካይ ጀርባው ላይ ተለጥፎበት እንኳ ኳሷን ይዞ የሚዞርበት እርጋታ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ጥቅምት ላይ ሱዳን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የመልስ ጨዋታ አዲስ አበባ መጣች። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። አዳነ ግርማ አንድ አገባ፣ ሳላዲን ሁለተኛውን ጨመረ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳዋ ውጪ ባገባቻቸው ጎሎች ብልጫ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች።