የጉልበትና የእንቅስቃሴ ትምህርት አቀራረብ፤ ከእንጦጦ ተዳፋት አንጻር ሲመዘን

በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ስለ ጉልበትና ስለ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ክፍል ለቀሩት ክፍሎች መሠረት ነው። የተለመደው አቀራረብ በትርጓሜ ይጀምራል፤ ሦስቱን የኒውተን ሕጎች ያስከትላል፤ ቀመሩን ከሰጠ በኋላ ሰበቃ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ስለሚንሸራተት ዕቃ ይጠይቃል። ይህ አቀራረብ ቅደም ተከተል ያለውና ለፈተና የሚያመች መሆኑ አይካድም። ዋናው ጉድለቱ ተማሪው ወደ ክፍል ይዞት የሚመጣውን እምነት ሳይነካ ማለፉ ነው።

1. ቃሉና እምነቱ

በዕለታዊ አማርኛ ጉልበት በባለቤቱ ውስጥ የሚኖርና በሥራ ብዛት የሚያልቅ ነገር ነው። «ጉልበቱ አለቀ» ስለ ሰውም ስለ በሬም ይባላል። የተለጋች ኳስ ስትቆምም ተማሪው ከእግር ያገኘችው ጉልበት እንዳለቀባት አድርጎ ያስባል። በፊዚክስ ግን ጉልበት አንዱ አካል በሌላው ላይ የሚያሳድረው ግፊያ ወይም ጉተታ ነው፤ ኳሷ ተሸክማው አትሄድም። እግር ከለቀቃት በኋላ የሚያዘገያት የሣሩና የአየሩ ሰበቃ ነው።

ይህ እምነት በአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሚታይ አይደለም። ሄስተኒስ፣ ዌልስና ስዋክሃመር በ1992 እ.ኤ.አ. ስለ ጉልበት ጽንሰ ሐሳብ ያወጡት መመዘኛ፣ በአሜሪካም ትምህርቱን የተከታተሉ ብዙ ተማሪዎች ይህንኑ እምነት እንዳልተዉ አሳይቷል። በኢትዮጵያ ግን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ስለሆነም ሕጉ በአንድ ቋንቋ ሲጠና እምነቱ በሌላው ቋንቋ ተቀምጦ፣ ሁለቱ ሳይፋጠጡ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል።

2. ተዳፋቱ የሚያስተምረው

ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደገለጸው፣ ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ነገር ለመለካት እጅግ ስለሚፈጥን እንቅስቃሴውን ያጠናው ኳስ በተዳፋት ላይ በማንከባለል ነበር። ለየካ ክፍለ ከተማ ተማሪ ተዳፋት እንግዳ ነገር አይደለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ የሚመለከት ሁሉ ከፍታው 3,200 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን እንጦጦን ያያል፤ ጭነት የያዘ አህያና መኪና ቁልቁል ሲወርድ ማየትም የተለመደ ነው።

ለምሳሌ ክብደቱ 20,000 ኒውተን፣ መጠነ ቁሱም 2,000 ኪሎ ግራም ያህል የሆነ ሚኒባስ፣ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ዝቅ በሚል መንገድ በማይለዋወጥ ፍጥነት ይወርዳል እንበል። የመሬት ስበት በመንገዱ አቅጣጫ ወደ ታች የሚጎትተው በ2,000 ኒውተን ነው። ፍሬኑና ሌላው ሰበቃ ተደምረው ወደ ላይ የሚይዙት በስንት ነው? ብዙ ተማሪ መኪናው እየወረደ ስለሆነ ከ2,000 ያነሰ ነው ለማለት ይቸኩላል። ትክክለኛው መልስ ግን ልክ 2,000 ኒውተን ነው፤ ጉልበቶቹ ስለተመጣጠኑ ፍጥነቱ አይለወጥም። ፍሬኑ ደክሞ መያዣው በ500 ኒውተን ቢቀንስ፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሰከንድ 0.25 ሜትር ያድጋል፤ በ20 ሰከንድ ውስጥም በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ይህን የተረዳ ልጅ ከፈተና ውጤት ያለፈ ትርፍ አለው፤ ነገ መንገዱን የሚሻገረውና መሪ የሚጨብጠው እርሱ ነውና።

3. ማጠቃለያ

ሰበቃ የሌለበት ጠረጴዛ አያስፈልግም የሚል መምህር አይኖርም፤ ያለ እርሱ የመጀመሪያው የኒውተን ሕግ አይታሰብም። ነገር ግን ቦታው መጨረሻው ነው። ተማሪው ኳስን በሣር፣ በአፈርና በሲሚንቶ ላይ አንከባልሎ ሰበቃው ባነሰ ቁጥር ርቃ እንደምትሄድ ካየ በኋላ፣ ሰበቃው ጨርሶ ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ራሱ ይደርስበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሳንቃ፣ ኳስና ሰዓት ስለሆነ የቤተ ሙከራ እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በመሆኑም መምህራን ከቀመሩ በፊት የተማሪውን ግምት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢያስነግሩ፣ ከዚያም በሙከራ ቢያስፈትኑት ይበጃል። የሥርዓተ ትምህርት ፕላን አውጪዎችም ለዚህ የሚሆን ክፍለ ጊዜ ሊመድቡ ይገባል። ፈተናውም ስሌት ብቻ ሳይሆን «ለምን?» ብሎ ማብራሪያ ካልጠየቀ፣ በክፍል ውስጥ የሚደረገው ጥረት ሁሉ ወደ ሽምደዳ መመለሱ አይቀርም።