ተብታባ መባልና ተብታባ መሆን፦ በአይዋው ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ንግግር ሕክምና ከተጻፉት ሥራዎች መካከል፥ በተለይም መንተባተብን በሚመለከቱት ዘንድ፥ በ1939 በአሜሪካ በአይዋ ክፍለ ግዛት እንደ ተደረገው ጥናት ብዙ ጊዜ የሚወሳ፥ የዚያኑም ያህል ተዛብቶ የሚነገር ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያ የቀረበ ድርሳን ሲሆን፥ ያዘጋጁት ሜሪ ቱዶር፥ አማካሪያቸውም በሙያው ስመ ጥር የነበሩት ዌንዴል ጆንሰን ናቸው። ድርሳኑ ከስድሳ ዓመታት በላይ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ከኖረ በኋላ፥ በ2001 አንድ የካሊፎርንያ ጋዜጣ ታሪኩን ለሕዝብ ስላወጣው ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ። በ2007ም የአይዋ መንግሥት ለተጎዱት ሰዎችና ለወራሾቻቸው 925,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ነገሩ የተፈጸመው እንዲህ ነበር። ዳቨንፖርት በተባለችው ከተማ ከሚገኝ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ 22 ልጆች ተመረጡ። ከእነዚህ 10ሩ አስቀድሞ በመምህራንና በአሳዳጊዎች ዘንድ ተንተባታቢ የተባሉ፥ 12ቱ ግን ንግግራቸው እንደማንኛውም ልጅ የሆነ ነበሩ። ከተንተባታቢዎቹ ለእኩሌቶቹ «ንግግራችሁ ደኅና ነው» ሲባል ለእኩሌቶቹ ችግር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ደኅና ተናጋሪዎቹም በተመሳሳይ መንገድ ለሁለት ተከፈሉ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ልጆች፥ ምንም እንከን ሳይኖርባቸው፥ የመንተባተብ ምልክት እንደሚታይባቸው፥ በትክክል መናገር ካልቻሉም ዝም ማለት እንደሚሻላቸው በተደጋጋሚ ተነገራቸው። ሥራው ከጥር እስከ ግንቦት ድረስ ቆየ። ለልጆቹ የተነገራቸው ነገር ሁሉ ለምን እንደ ተነገራቸው አልተገለጸላቸውም፤ ለአሳዳጊዎቻቸውና ለመምህሮቻቸውም ቢሆን እውነቱ አልተነገረም። የሚጠይቅላቸው ወላጅ ስላልነበራቸው የተመረጡ መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ጆንሰን ይህን ሊፈትኑ የተነሡት በክፋት አልነበረም። እርሳቸው ራሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚንተባተቡ ሰው ነበሩና ምክንያቱን ለማግኘት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመዋል። የደረሱበትም ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ሕፃን ልጅ ሁሉ አፉን በሚፈታበት ዘመን ቃል ይደጋግማል፥ ይቆማል፥ እንደ ገና ይጀምራል፤ ወላጅ ይህን ተፈጥሮአዊ ነገር እንደ ሕመም ቆጥሮ ስም ሲያወጣለት ልጁ በንግግሩ ላይ ፍርሃት ያድርበታል፥ ከፍርሃቱም እውነተኛው መንተባተብ ይወለዳል። በእርሳቸው አስተያየት በሽታው የሚጀምረው ከልጁ አፍ ሳይሆን ከወላጁ ጆሮ ነው። ሐሳቡ የተዋበ ነው። ውበቱም፥ በዚህ ጸሐፊ እምነት፥ ለብዙ ዘመን ሳይመረመር እንዲኖር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሂስ እንምጣ። ጋዜጣው ታሪኩን ካወጣ ጀምሮ በብዙ ጽሑፎች የሚነበበው፥ ስድስቱ ደኅና ልጆች በቃል ብቻ ተንተባታቢዎች ሆኑ የሚል ነው። ድርሳኑ ራሱ ግን ይህን አያረጋግጥም። በ2002 ኒኮሊን አምብሮዝና ኤሁድ ያይሪ የተባሉት ተመራማሪዎች የቱዶርን መዝገብ እንደ ገና መርምረው፥ በስድስቱ ልጆች ላይ መንተባተብ ስለ መፈጠሩ ማስረጃ እንደሌለ አሳይተዋል። የልጆቹ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነው፤ የልጆቹ ዕድሜ የተራራቀ ነው፤ የንግግር ለውጥ ተብሎ የተመዘገበውም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ አይደለም። እንግዲህ ጥናቱን በጭካኔው የሚያወግዙት ሰዎች፥ ሳያስቡት፥ የጆንሰንን ሐሳብ እውነት ነው ብለው ይመሰክሩለታል። ጥናቱን ማውገዝ አንድ ነገር ነው፤ ውጤቱን ማመን ሌላ ነገር ነው።

ነገር ግን ከድርሳኑ ውስጥ ሐሰት ነው ሊባል የማይቻል አንድ ክፍል አለ። ቱዶር ስለ ስድስቱ ልጆች ጠባይ የጻፉት ነው። ልጆቹ ለመናገር ማመንታት፥ መልሳቸውን ማሳጠር፥ አፍረው ዝም ማለት ጀመሩ። ቱዶርም ጥናቱ ካለቀ በኋላ ያደረሱትን ለማስተካከል ወደ ማሳደጊያው ተመላልሰዋል፤ በ1940 ለጆንሰን በጻፉት ደብዳቤም ልጆቹ ከጊዜ በኋላ እንደሚሻላቸው ተስፋ ማድረጋቸውን፥ ነገር ግን በእነርሱ ላይ አሻራ መተዋቸው የማይካድ መሆኑን አምነዋል። ስለዚህ የተሰጣቸው ስም የልጆቹን ምላስ ባያስርም ልባቸውን አስሯል። የመምህሩን ትኩረት የሚጠይቀውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በክፍል ውስጥ ዝም ያለ ልጅ ጨዋ ተብሎ ስለሚታለፍ ጉዳቱን የሚያየው የለም።

ለጆንሰን ሐሳብ ሌላው ምሰሶ የነበረው በ1944 ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። በዚያ ጽሑፍ፥ ባኖክና ሾሾኒ የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለመንተባተብ ቃል የሌላቸው ስለ ሆነ ተንተባታቢም የላቸውም የሚል መከራከሪያ ቀረበ። ቃሉ ከሌለ ነገሩም የለም ማለት ነው። ይህን አባባል መላው ዓለም ተቀባበለው። በ1983 ግን ጄራልድ ዚመርማንና ባልደረቦቹ በእነዚሁ ሕዝቦች ቋንቋ ለመንተባተብ ቃላት እንዳሉ፥ የሚንተባተቡ ሰዎችም እንዳሉ ገለጹ። አንድን ሕዝብ በሚገባ ሳይጠይቁ ስለ ቋንቋው መናገር እንዴት እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም።

በእኛ በኩል እንኳ ብንመለከት አማርኛ በቃል ድኻ አይደለም። «ተብታባ» የምንለው ቃል እየተደጋገመ ወይም እየተያዘ የሚቸገረውን ሲሆን፥ «ኮልታፋ» የምንለው ደግሞ ድምፁን አጥርቶ ማውጣት የማይችለውን ነው። ሕዝቡ ሁለቱን ለይቶ መሰየሙ የሚደነቅ ነው፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያም ሁለቱን የሚመረምረው በየራሱ መንገድ ነው። (የሕፃን መኮላተፍ በቤተ ሰብ ዘንድ እንደ ጣፋጭ ነገር ሲታይ የመንተባተብ ግን እንደማያስቅ ይታወቃል።) ከውጭ የመጣ የድምፅ መፈተኛም በሁለቱም ረገድ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። እንግሊዝኛ «ጠ»፥ «ጨ»፥ «ቀ» እና «ጸ» የሚባሉትን ድምፆች አያውቃቸውም፤ «ገና» የሚለውን ቃል አጥብቆና አላልቶ በማንበብ የሚመጣውን የትርጉም ልዩነትም ፊደላችን ራሱ አያመለክተውም። እነዚህን ያላገናዘበ መፈተኛ ደኅናውን ልጅ ኮልታፋ፥ ኮልታፋውን ደኅና ሊለው ይችላል።

የጆንሰን ሐሳብ ያመጣው ጉዳት በማሳደጊያው ልጆች ላይ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ለአሥርት ዓመታት ወላጆች «አታንሡበት፤ እንዳላያችሁ እለፉት» ሲባሉ ኖረዋል። ልጁ ሲታገል እያዩ ዝም ማለት እንደ ጥበብ ተቆጠረ፤ ከዚህም አልፎ መንተባተቡ የእናቲቱ ጥፋት መሰለ። የዛሬው እውቀት ሁለቱንም አይደግፍም። ከልጆች መካከል ከመቶ አምስት ያህሉ በአንድ ወቅት እንደሚንተባተቡ፥ አብዛኞቹም በራሳቸው እንደሚድኑ፥ በዐዋቂዎች ዘንድ ግን የሚንተባተበው ከመቶ አንድ ያህል እንደ ሆነ ይታመናል። ነገሩ በዘር የሚተላለፍበት መጠን ከፍ ያለ ነው፤ በ2010 የታተመ ጥናትም ከዚህ ጋር የተያያዙ የዘረ መል ለውጦችን አመልክቷል። በአውስትራሊያ የተጀመረው የሊድኮምብ ዘዴ ደግሞ ከጆንሰን ምክር ጋር በቀጥታ ይጋጫል። በዚህ ዘዴ ወላጅ ልጁ ሳይንተባተብ ሲናገር በደስታ ያመሰግነዋል፤ አልፎ አልፎም ሲንተባተብ በገርነት ያስታውሰዋል። በ2005 በኒውዚላንድ በ54 ትንንሽ ልጆች ላይ የተደረገ ፈተና ሕክምናውን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ በእጅጉ እንደ ተሻላቸው አሳይቷል። ታዲያ ችግሩን መጥቀስ ራሱ ተንተባታቢ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ይህ ዘዴ ልጆቹን ባባሰ ነበር። አስከፊው ነገር መጠቀሱ ሳይሆን የሚጠቀስበት መንፈስ ነው ብንል ከማስረጃው አንርቅም።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ከዚሁ ይመነጫል። በተማሪዎች መመዝገቢያ ላይ «የንግግር ጉድለት ያለባቸው» የሚል ዓምድ ተከፍቶ ስም ሲጻፍ፥ ከዓምዱ በኋላ ምን ይመጣል? ወደ ባለሙያ የሚመራበት መንገድ፥ ወላጅ የሚመከርበት ጊዜ፥ መምህሩ የሚሠለጥንበት ሁኔታ ከሌለ ያ ዓምድ ከዳቨንፖርቱ መዝገብ የሚለየው በጥቂቱ ነው። በሌላ በኩል፥ ስም መስጠትን በመፍራት ዓምዱን መሰረዝ ሕክምና የሚያስፈልገውን ልጅ ከዓይን ማጥፋት ይሆናል። ይህ ጸሐፊ ዓምዱ እንዲኖር፥ ከአጠገቡም ለልጁ ምን እንደ ተደረገ የሚጻፍበት ሌላ ዓምድ እንዲጨመር ይደግፋል።

ለመምህሩ ደግሞ ሁለት ነገሮች ማወቅ ይጠቅሙታል። የሚንተባተብ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነብ ወይም ሲዘምር ብዙውን ጊዜ አይንተባተብም፤ ሕፃናት ፊደልን በኅብረት እየጮኹ በሚቆጥሩበት አገር ይህ በየቀኑ የሚታይ ነው። ይህን የማያውቅ መምህር፥ ያው ልጅ ለብቻው ተነሥቶ ሲያነብ ቢያቅተው፥ «አሁን በደንብ ስትል አልነበረም?» ብሎ እንደ አስመሳይ ይቆጣዋል። ሁለተኛው የስም መጥሪያ ጊዜ ነው። ብዙ ተንተባታቢዎች ከሁሉ የሚከብዳቸው የራሳቸውን ስም መናገር እንደ ሆነ ይገልጻሉ፤ ሌላ ቃል ሊተኩበት አይችሉምና። መምህሩ በአዲስ ዓመት መግቢያ ተማሪዎቹ በየተራ እየተነሡ ስማቸውን እንዲናገሩ ከማዘዝ ይልቅ ስማቸውን እርሱ እየጠራ እጃቸውን ቢያነሡ፥ የዚያን ልጅ የመጀመሪያ ቀን ከፍርሃት ያድነዋል፤ ለሌሎቹም የሚያጎድልባቸው ነገር የለም።