የተደበቀው ታተመ፣ ያልተደበቀው ቀረ

ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን የኢትዮጵያን የመድኃኒት ጽሑፎች ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1973 ደግሞ በዕፅዋቱ ስምና አገልግሎት ላይ ያደረጉትን ጥናት አስከተሉ። የድካማቸውን ክብር አንነፍጋቸውም። ግን እነዚህን ጽሑፎች ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ብቻ ለምን ያንብባቸው? እስቲ እንደ ድርሰት እንያቸው።

አካሄዳቸው በሽታ በበሽታ ነው። ንቀል፣ ውቀጥ፣ በማር ለውስ፣ አጠጣ፤ ትእዛዙ አጭርና ቆራጥ ነው። የሚታዘዘውም «አንተ» ነው። «አንቺ» ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቦታ የላትም።

ሐይቅ እስጢፋኖስን እንውሰድ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ካቀኑት ወዲህ የመጽሐፍ አገር ነው፤ ሴት ግን ወደ ገዳሙ አትዘልቅም። የመድኃኒት መጽሐፍ እዚያ ተጻፈ ማለታችን አይደለም። ብዕርና ሙቀጫ ምን ያህል ተራርቀው እንደኖሩ ለማሳየት ያህል ነው። ከደጅ ወዲህ ዳማከሴ አሽታ ምች የምታስታግሰው፣ እንዶድ ወቅጣ ነጠላ የምታነጣው፣ በክፉ ቀን ሳማ ለቅማ ጉልቻ ላይ የምትጥደው ሴት ናት።

ነገሩ ያስገርማል። ደብተራው «መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል» እያለ የደበቀው በዋርሶ ታተመ። እናት ለጎረቤቷ በግላጭ ያሳየችው ግን ጸሐፊ አጣ። የመድኃኒት መጽሐፍ ሳማን ቢያነሣ የተጻፈው ለሕመም እንጂ ለእራት አይደለምና!

የዛሬዎቹ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶችም ከዚህ ውርስ ብዙ አልራቁም። ተመራማሪው መጠይቁን ይዞ በመጀመሪያ የሚያፈላልገው «የታወቀ አዋቂ» ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ሰንጠረዡም የተክሉን ስም፣ ክፍሉንና በሽታውን ይይዛል። ለምግብ የሚሆነው ሲገኝ «ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ይበላልስ፣ እንዴት? ለጋው ነው የጠናው? የሚለበልበው ፀጉሩ እስኪበርድ ስንት ይፈላል? ውሃው ይደፋል ወይስ ይጠጣል? ዱቄቱ ካለቀስ በምን ይያዛል? ለሕፃን ይሰጣል? ሳማ መስሎ የሚያታልል ቅጠል አለ?

ወሎ በ1966 ዓ.ም. ያየውን ያየ አገር ነው። ይህን ጥያቄ በሙቀጫዋ ፊት ቁጭ ብላ የምትመልሰው፣ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረችው ሴት ዛሬ ሰባውን አልፋለች።