ሸራን ከፍሬም የሚያወጣ እጅ በምን ይለያል

ፍሬም ቤት ገብታችሁ “ፍሬሙን ቀይርልኝ” ስትሉ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያነሣው ጉጠት ከሆነ ሥዕላችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚያነሣው መብራት ነው። ሸራውን እንደቆመ ከጎን ያበራበታል። ብርሃኑ ጋደል ብሎ ሲያልፍበት የተሰነጠቀው፣ ጠርዙ የተቀለበሰው፣ ሊረግፍ የደረሰው ቀለም ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በተለይ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በተሳሉ የዘይት ሥራዎች ላይ ይህ ምርመራ ፈጽሞ አይዘለልም፤ የዘይት ቀለም ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ይጠነክራል፣ ሸራው ሲላላ ወይም ሲወጠር አብሮት መሄድ ያቅተዋል። ቀለሙ የሚረግፍ ሥዕል ደግሞ በግንባሩ አይደፋም። “ይህን እኔ አልነካውም፣ የሥዕል ጥገና ባለሙያ ይየው” የሚል ሠራተኛ ካገኛችሁ ሌላውን ሥራችሁን ሁሉ ለእሱ ስጡት።

ከዚያ ጠረጴዛውን ተመልከቱ። ንጹሕ መሆን አለበት፤ በአራቱ የፍሬም ማዕዘኖች ሥር በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ስፖንጅ ተቀምጦ፣ ሥዕሉ ሲደፋ የሚያርፈው ፍሬሙ ብቻ መሆን አለበት። ቀለሙ ምንም አይነካም። ሠራተኛው ቀለበቱንና ሰዓቱን ካወለቀ፣ የደረት ኪሱን እስክሪብቶ ካስቀመጠ፣ የቀበቶውን ዘለበት ከሸፈነ ልምድ እንዳለው እወቁ።

ሚስማር መንቀል ላይ ልቆይ፣ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። የቆዩ ፍሬሞች ሸራውን የሚይዙት ሸራው ከተወጠረበት እንጨት ወደ ፍሬሙ በጋደለ ሚስማር ነው። ጥሩ እጅ በጉጠቱና በእንጨቱ መካከል ቀጭን ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን ያስገባል፣ ሚስማሩን ይነክሳል፣ ከዚያ ጉጠቱን በካርቶኑ ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ፍሬሙ በኩል ያንከባልለዋል። ወደ ሸራው በኩል አይደገፍም፤ ጉጠቱ ቢያመልጥ የሚወጋው ሸራውን ነውና። መዶሻ ሲነሣ ካያችሁ አስቁሙ። እያንዳንዱ ምት በእንጨቱ አልፎ ሸራውን ያንቀጠቅጠዋል፣ የላላውን ቀለም ያራግፈዋል።

ሚስማሩ ካለቀ በኋላ ችኩሉ ሸራውን ከኋላ በጣቱ ይገፋል። ያ ግፊት ዛሬ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን በሥዕሉ ፊት ላይ ክብ ክብ ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል። አዋቂው የሚይዘው እንጨቱን ብቻ ነው፣ በሁለት ትይዩ ጎኖች፣ ጣቶቹን ከእንጨቱና ከሸራው መካከል ሳይከት። ትልቅ ሥዕል ከሆነ ሁለት ሰው ይሆናሉ። አልነሣም ካለ ያቆማል። አንዳንዴ ቫርኒሹ ከፍሬሙ ከንፈር ጋር ተጣብቋል፣ አንዳንዴ እንጨቱ በክረምቱ እርጥበት አብጧል። ለመጀመሪያው የሚለጠጥ ቀጭን የፕላስቲክ ስፓቱላ በጠርዙ ዙሪያ ያስኬዳል፤ ለሁለተኛው “መስከረም ይጥባ” ቢላችሁ ስንፍና አይደለም። በብርድ አገር ላላችሁም ይኸው ነው፤ አክሪሊክ ቀለም በብርድ ስለሚጠነክርና በቀላሉ ስለሚሰበር ከመኪና የወረደ ሥዕል ቤት ውስጥ ሙቀት ሳያገኝ አይነካም።

ሥራው እንዳለቀ ሥዕሉን ከማየታችሁ በፊት ባዶውን ፍሬም ገልብጣችሁ ሸራው የተቀመጠበትን ሰርጥ በመብራት እዩ። አቧራ ይኖራል፣ ምንም አይደል። አዲስ የቀለም ፍርፋሪ ካለ ግን ጠርዙ ተልጧል። እኔ ሠራተኛን የምመዝንበት ከዚህ የበለጠ መለኪያ የለኝም።

ከዚያ ወደ ሥዕሉ ጀርባ። በማዕዘኖቹ የገቡት ትናንሽ ሽብልቆች አብዛኛውን ጊዜ ለየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወድቆ በታችኛው እንጨትና በሸራው መካከል ከተሸጎጠ ፊት ለፊት እብጠት ይፈጥራል። ባለሙያ ይህን በቀጭን ካርቶን ያወጣዋል እንጂ ሸራውን አይመታም። የሠዓሊው ፊርማ፣ የኤግዚቢሽን ወረቀት፣ የእርሳስ ጽሑፍ ሳይፋቅ መቆየት አለበት፤ ከሥዕሉ ታሪክ ግማሹ እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ በእንጨት ለተወጠረ ሸራ ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥጥ ጨርቅ ተሠርተው በግድግዳ የተለጠፉ ናቸውና ፍሬም ሠሪ አይጠጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ያነሣቸው ሥዕሎች ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ፤ በቦታቸው የተተካው ቅጂ ነበር። እንዲህ ያለው ማንሣት በቦታው ካለው ሰው ፈቃድ ጀምሮ ሌላ ሙያና ሌላ ኃላፊነት ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የላላ ሸራ ለማጥበቅ ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ የሚያሽ ብዙ ሰው አለ። ሸራው ለጊዜው እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ደንበኛውም ይደሰታል። ውሃ የጠጣ ጨርቅ ግን ይኮማተራል፣ ቀለሙ አብሮት አይኮማተርም፣ ስለዚህ ይለቃል። ይህን እንደ ተጨማሪ አገልግሎት የሚያቀርብላችሁን ሰው አመስግናችሁ እንቢ በሉ፤ የተነቀሉትን ሚስማሮችና አሮጌውን ፍሬምም ሳትቀበሉ አትውጡ።